አንድ ልቅሶ፣ ሁለት መግለጫ

ጊንጪ ያላችሁ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ጀልዱ ያላችሁ፣ ስሙኝ። ሳይረፍድ የምነግራችሁ ነገር አለኝ።

ሰሞኑን ከጊንጪ ወደ አምቦ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩን አጠገቡ ላለው ሰው ያሳያል። ታንክ ይነዳል፣ አቧራ ይጨሳል፣ ሰው ይሮጣል፤ ከሥሩ «ባድመ ላይ ተጀመረ» ተብሎ ተጽፏል። ከኋላ ወንበር ላይ የነበሩ እናት «ባድመ» የሚለውን ስም ሲሰሙ ነጠላቸውን ሰብስበው አፋቸው ላይ አደረጉ። ልጃቸው ወታደር ነው፤ ሰሜን ነው። ድምፁን ከሰማሁ ወር አለፈኝ አሉ። ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ዝም ያለ ሰው አልነበረም። አንዱ ስንት ሰው እንዳለቀ ተናገረ፣ ሌላው የትኛው ከተማ እንደተያዘ፣ ሦስተኛው ማን ቀድሞ እንደተኮሰ። ጎረምሳውን ቪዲዮውን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ታንኩ ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል አልነበረም። አማርኛም ትግርኛም የሚጻፈው በአንድ ፊደል ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ደንግጦ አጠፋው። እናትየው ግን አምቦ እስክንደርስ ነጠላቸውን ከአፋቸው አላወረዱም።

ደወሉን የምደውለው ለዚህ ነው። ጥይቱ ሳይተኮስ ወሬው ሰው ማቁሰል ጀምሯል።

ነገሩ ከባዶ ተነስቶ የመጣ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተጨነቅሁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የቀይ ባሕርን ጉዳይ በይፋ ካነሱ ወዲህ በአዲስ አበባና በአስመራ መካከል የሚወረወረው ቃል እየከረረ ሄዷል። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጌዴዎን ጢሞቴዎስ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ደብዳቤ ጻፉ። ኤርትራ ከሕወሓት ወገን ጋር አብራ ለጦርነት እየተዘጋጀች ነው፣ በአማራ ክልል ያሉ ታጣቂዎችንም ትደግፋለች የሚል ክስ ነው። አስመራ ክሱን ሙሉ በሙሉ ካደች፤ ወደብ እያለች የምትፎክረው ኢትዮጵያ ናት ስትልም መለሰች። አንድ ጥይት ሳይጮህ ሁለት መግለጫ እጃችን ገብቷል። ከጮኸ በኋላ ስንት እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ሁለት መንገድ ይመርጣል። አንዱ የአገሬ ሬዲዮ ያለውን አምናለሁ ይላል። ሌላው መንግሥትን ከጠላ የማዶውን ያምናል። ሁለቱም ያወቁ ይመስላቸዋል። በ1990 ዓ.ም. እኛ ሰፈርም እንዲሁ ነበር፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። ባድመ የት እንደሆነች የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ጦር ባድመ ገባ፤ በማግሥቱ የመንግሥት መግለጫ በሬዲዮ ተነበበ፤ በሳምንቱ የቡና ወሬ ሁሉ ባድመ ሆነ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። እኛ ልጆች አዳዳ እንላቸው ነበር። ልጃቸው በ1991 መጀመሪያ ዘመተ። ጭኮ በቅቤ አሽተው፣ በሶ ቋጥረው ሰጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የአባቴ ሬዲዮ አጠገብ የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ።

ምሽታችን ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ይከፈታል። ድል ነው፤ ምሽግ ተደርምሷል፣ ጠላት ተደምስሷል። ቀጥሎ አባቴ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ የአስመራውን የአማርኛ ሥርጭት ይፈልጋል። እዚያም ድል ነው፤ የተደመሰሰው የእኛ ጦር ነው። በመጨረሻ የጀርመን ድምፅ ወይም የአሜሪካ ድምፅ ይመጣል፤ «ሁለቱም ወገኖች እርስ በርስ የሚቃረን መግለጫ ሰጥተዋል፣ ከገለልተኛ ወገን ማረጋገጥ አልተቻለም» ይላል። አዳዳ የሦስቱንም ሰምተው አንዱን ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ «ታዲያ ልጄ የቱ ጋ ነው?» የሚመልስላቸው አልነበረም።

መጋቢት 1991 ላይ ጾረና የሚባል ስም መጣ። አስመራ ከ10,000 በላይ የኢትዮጵያ ወታደር ገደልኩ፣ 57 ታንክ አቃጠልኩ አለች። አዲስ አበባ ሐሰት ነው አለች። የኤርትራ መንግሥት ወደ ግንባሩ የወሰዳቸው የውጭ ጋዜጠኞች በመቶዎች የሚገመት አስከሬንና የተቃጠሉ ታንኮች አዩ፤ ስለዚህ አንድ ከባድ ነገር እንደሆነ እርግጥ ነው። 10,000 ግን ቆጥሮ ያየ የለም። ይህ ሁሉ ለእኛ የደረሰን በቅደም ተከተል አልነበረም። መጀመሪያ የደረሰን ቁጥሩ ነው። 10,000 የሚለው ቁጥር ከሬዲዮ ወጥቶ ጊንጪ ገበያ ሲደርስ ስም ማፍራት ጀመረ። የእከሌ ልጅ አለበት፣ የእከሌም አለበት ተባለ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ከአምቦ መጥቶ «ያ ልጅ ያለበት ክፍል ጾረና ላይ አልቋል» አለ። ከማን ሰማህ ያለው የለም። ሽማግሌዎች ንጋት ላይ አዳዳ በር ላይ ቆሙ።

ድንኳን ተጣለ። አዳዳ ፊታቸውን ነጩ። ፎቶውን አቅፈው ሦስት ቀን አለቀሱ፤ ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ። የተጻፈው ሚያዝያ ነው፤ ጽሑፉ የልጁ ነው። ደህና ነኝ ይላል፣ ጭኮ ላኩልኝ ይላል። አዳዳ ደብዳቤውን እንዳነበቡላቸው ደስ ያላቸው እንዳይመስላችሁ። «ይህ የሞተ ሰው ደብዳቤ ነው፤ ሊያጽናኑኝ ነው» አሉ። አንዴ ሐሰተኛ መርዶ የሰማ ጆሮ እውነተኛ የምሥራች አይቀበልም። ልጁ በ1993 በእግሩ መጥቶ በር ላይ እስኪቆም ድረስ አላመኑም።

እሱ ዛሬም አለ። ይህን ልጽፍ ስነሳ ሄጄ ጾረና ላይ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። የነገረኝ ይህን ነው፤ «እኔ ከነበርኩበት ምሽግ ሦስት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሬዲዮውን ስሰማ እኔም እንደ እናንተ ነበር የምሰማው።» እዚያው የነበረው ሰው እንዲህ ካለ፣ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ የግንባሩን ሁኔታ በሰዓት በሰዓት የሚተነትንላችሁ ሰው ከየት አመጣው?

ስለ ሙታን ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር። ኤርትራ በሰኔ 1993 ዓ.ም. 19,000 ተዋጊ ሞቶብኛል ብላ አስታወቀች። በሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ70,000 እስከ 100,000 ይገመታል። ይህን ግምት ደጋግመን እንጠራዋለን፣ መሃሉን ግን አናይም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ብቻ 30,000 ሰው ነው። 30,000 ሰው ሞቶ ይሁን ሳይሞት ከሩብ ክፍለ ዘመን በኋላም የተቆረጠ ነገር የለም። እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ተተኩሶ ዛሬ ማታ «ይህን ያህል ሺህ ደመሰስን» የሚላችሁ መግለጫ፣ ከየትኛውም ዋና ከተማ ይምጣ፣ ቆጥሮ አይደለም የሚናገረው።

ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በአንድ ቀን ሁለት ከተሞች ከአየር ተደበደቡ፤ አስመራና መቀሌ። እያንዳንዱ ወገን የጀመረው ያኛው ነው አለ። ክርክሩ ሲጮህ መቀሌ ውስጥ አይደር ትምህርት ቤት አካባቢ የክላስተር ቦምብ ወድቆ ነበር። ጉዳዩን ከዓመታት በኋላ የመረመረው የካሣ ኮሚሽን በመዝገቡ ያሰፈረው 53 ሲቪል ሰዎች መሞታቸውን ነው፤ ከእነሱ 12ቱ ተማሪዎች ናቸው። 185 ሰው ቆስሏል። ኤርትራም አውሮፕላኗ ቦምቡን እዚያ መጣሉን ኮሚሽኑ ፊት አምናለች፤ በስሕተት ነው አለች እንጂ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ቁጥሮች ሊታመኑ የቻሉት የማዶው ወገን ጭምር የቀረበበት፣ ማስረጃ የተመዘነበት መድረክ ስለነበረ ነው። ያ የሆነው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያው ሳምንት እውነቱን እናውቃለን ብለው የተከራከሩት የሁለቱም አገር ሰዎች ቁጭ ብለው ይጠብቁ ቢባሉ ማን ይሰማ ነበር?

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ድንበሩን የሚወስን ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ እንደሚሆን ሁለቱም ፈረሙ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ውሳኔውን ሰጠ። ያን ዕለት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሥዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ ተፈርዳለች አሉን። እልል ተባለ። አስመራም በበኩሏ አሸነፍኩ አለች። አንድ ውሳኔ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ድል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ኮሚሽኑ መስመሩን ያሰመረው በ1900፣ በ1902 እና በ1908 እ.ኤ.አ. በተፈረሙት የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች ላይ ተመስርቶ፣ ነጥብ በነጥብ በቁጥር ነበር። ባድመ የምትባል ከተማ በካርታው ላይ ተጽፋ አልነበረም። መስመሩን ወስዶ ከመሬቱ ጋር ያላመሳከረ ሰው እንደፈለገው ማንበብ ይችል ነበር። ወራት አለፉ። በተከታዩ ዓመት ኮሚሽኑ በሰጠው ማብራሪያ ባድመ ከመስመሩ ወዲያ፣ በኤርትራ በኩል መሆኗ ግልጽ ሆነ። እልል ያልነው በተፈረደብን ነገር ነበር። መንግሥት ውሳኔውን ተቃወመ፤ ጦሩ ባለበት ቆየ፤ ሁለቱ አገሮች ጦርነትም ሰላምም በሌለበት ዓመታት ተፋጠው ከረሙ። ኢሕአዴግ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እንደሚቀበል ያስታወቀው ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። አይደር የተደበደበበት ሃያኛ ዓመት፣ በዕለቱ።

የሌላውን ግማሽ ደግሞ የአስመራ ሰው ይስማ። ያው የአልጀርስ ስምምነት የወለደው የካሣ ኮሚሽን ታኅሣሥ 10 ቀን 1998 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ኤርትራ ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ የጦር ኃይል በመጠቀሟ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ጥሳለች አለ። ድንበሩ የእኔ ነው የሚል አገር በኃይል ሊይዘው አይችልም ማለት ነው። ሁለቱን ውሳኔ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ባድመ የኤርትራ ናት፣ ጦርነቱን በሕግ ፊት ያስጠየቀው ግን የኤርትራ እርምጃ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ በዜና ሲደጋገም የከረመው ሁለተኛው ነው፤ አስመራ ላይ የመጀመሪያው። በየቤቱ ላለው አድማጭ የደረሰው ግማሹ ነው፤ ልጁ የሞተበት ሰው ግማሹን እውነት ይዞ ቀበረ።

ከሞት ሌላም ጉዳት ነበር። በጦርነቱ ሁለት ዓመታት ኢትዮጵያ ወደ 75,000 የሚገመቱ የኤርትራ ተወላጆችን አባረረች፤ ኤርትራም ወደ 70,000 የሚገመቱ ኢትዮጵያውያንን። ሻይ ቤት የነበራቸው፣ መካኒክ የነበሩ፣ መምህር የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከአንዳንዶቹ ላይ ዜግነት የተገፈፈው ሕግን በመጣስ እንደነበር ያው የካሣ ኮሚሽን ወስኗል። ይህ ከመንግሥት ትእዛዝ ጋር ብቻ የመጣ አይደለም። ከዚያ በፊት በየሰፈሩ «እሱ ወሬ ያቀብላል፣ እሷ ገንዘብ ትልካለች» የሚል ሹክሹክታ ነበር። የእኛም ከተሞች ከዚህ ነፃ አልነበሩም። ዛሬ ደግሞ የኤርትራና የሕወሓት ወገን መቀራረብ የሚጠራበት «ጽምዶ» የሚል ቃል በየአፉ ገብቷል፤ በትግርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ሲታይ በዓይኔ አያለሁ። አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ፣ ጊንጪ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው፣ አስመራ ከሚሰጥ መግለጫ ጋር ምን አገናኘው?

የምትሉትን አውቃለሁ፤ «ያ ድሮ ነው፣ አሁን ስልክ አለ፣ ምንም አይደበቅም»። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ሁላችንም ስልክ ነበረን። የኤርትራ ወታደሮች ትግራይ ገብተዋል የሚለው ወሬ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ነበር። ሁለቱም መንግሥታት ለወራት ካዱ። ትግራይ ውስጥ ደግሞ ስልክና ኢንተርኔት ተቆርጦ ነበርና ያየው ሰው መናገር አልቻለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ላይ ያመኑት መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ኤርትራ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይታ ለጸጥታው ምክር ቤት በጻፈችው ደብዳቤ አረጋገጠች። ይህን ጊዜ ሁለቱ መግለጫዎች አልተጋጩም ነበር። ተስማምተው ነበር፤ ተስማምተውም ትክክል አልነበሩም። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ሲናገሩም ጆሮአችሁን አትጣሉ።

ጦርን መካድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ በሚመጣው መንገድ ላይ ታጠቅ ጦር ሰፈር አለ። በ1969 ዓ.ም. ገበሬው ሚሊሺያ ሆኖ የሠለጠነው እዚያ ነው፤ አባቶቻችን ያውቁታል። ያኔም የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ ኦጋዴን ውስጥ የሚዋጋው የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ነው እንጂ የእኔ ጦር አይደለም ይል ነበር፤ የሶማሊያ ታንኮች ጅጅጋን በያዙበት ሰዓት።

ጦርነት የሚቃረን ወሬ ማምጣቱ የእኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ሕንድና ፓኪስታን ለአራት ቀን ሲታኮሱ ስለ ተመቱ አውሮፕላኖች የሰጡት ቁጥር አልገጠመም፤ ከኮምፒውተር ጌም የተቀዳ ምስል የጦር ሜዳ ነው ተብሎ በሚሊዮኖች ታየ። ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ታይላንድና ካምቦዲያ ሲጋጩም ሁለቱም ቀድሞ የተኮሰው ያኛው ነው አሉ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጄኔራል ያልተናገረውን ማናገር የሚቻልበት ዘመን ላይ ነን። የሚኒባሱ ታንክ ከዚህ አንጻር ቀላል ነበር፤ ቢያንስ ጎኑ ላይ ፊደል ነበረው።

ወረዳችን ደንዲ ከድንበር ሩቅ ናት የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፣ ከጊንጪ እስከ ባድመ በመኪና ከሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወልወልም ሩቅ ነበረች። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ በወልወል የውሃ ጉድጓዶች ዘንድ የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ወታደሮች ተታኮሱ። ማን ቀድሞ ተኮሰ በሚለው ላይ ሮምና አዲስ አበባ ተካሰሱ። ጉዳዩ ጄኔቭ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ድረስ ሄዶ ዘጠኝ ወር ተጎተተ፤ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ገላጋዮቹ በዚያ ግጭት ማንኛቸውም አይጠየቁም ብለው ዘጉት። ሙሶሊኒ ፍርዱን እየጠበቀ አልነበረም። ክርክሩ ሲካሄድ መርከቦቹ ምጽዋ ላይ ጦር ሲያራግፉ ከርመዋል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን ተሻገረ። ከዚያ ጉድጓድ ዳር የተነሳው ነገር ደንዲ ለመድረስ ሁለት ዓመት አልፈጀበትም፤ አርበኛው ጃገማ ኬሎ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ጠመንጃ አንግበው ጫካ የገቡት በዚሁ በእኛ አገር ነው። እኔ ከወልወል የምወስደው ይህን ነው፤ ስለ መጀመሪያው ጥይት ከሚጮኸው መግለጫ ይልቅ መርከቡ ምን እንደሚያራግፍ እዩ። ዛሬም ጦር ወዴት እየሄደ ነው፣ ልጅ ከየት እየተሰበሰበ ነው፣ የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ የትኛው በረራ ተቋረጠ ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ ነገሮች በቃል አቀባይ አፍ አያልፉም፤ ሰው በዓይኑ ያያቸዋል።

የተጋጨ ቁጥር መስማት ለእኛ አዲስ ነገር አለመሆኑ ይገባኛል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው አምቦ ላይ ተማሪዎች ሲወጡ፣ መንግሥት የተናገረው የሟች ቁጥርና የከተማው ሰው ለውጭ ጋዜጠኞች የተናገረው ቁጥር አይተዋወቁም ነበር። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ ኦሮሚያን ሲያዳርስም ያው ነው። ከዚያም ወዲህ፣ በየገጠር ቀበሌያችን ለአንድ ሌሊት ተኩስ ሁለት መግለጫ ስንሰማ ኖረናል። ግን አንድ ልዩነት አለ። የአምቦን ሟች አምቦ በስም ያውቀዋል። ቤቱ ሄደናል፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠናል፣ ንፍሮ ቀምሰናል፣ የቀበርነው በእጃችን ነው። ቴሌቪዥኑ ምንም ይበል፣ ልቅሶ ደርሰን ስለተመለስን እናውቃለን። እኛ አገር እውነት የሚጣራው እንዲያ ነው፤ በእግር ሄዶ። ባድመ ላይ፣ ዛላምበሳ ላይ፣ ቡሬ ግንባር ላይ ለሚሞተው ልቅሶ መድረስ አንችልም። እግራችን በማይደርስበት ቦታ የቀረን ጆሮ ብቻ ነው፤ ጆሯችንን ደግሞ ሁለቱም ይፈልጉታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ዝም በሉ፣ አትጠይቁ አልልም። ልጁን የላከ ሕዝብ ልጁ የት እንዳለ የመጠየቅ መብት አለው፤ ከ1990ው ጦርነት የቀረብን ትልቁ ዕዳ ያንን ጥያቄ ጮክ ብለን አለመጠየቃችን ነው። መንግሥትም የሟችንና የቁስለኛን ስም ለቤተሰቡ ፈጥኖ ማሳወቅ አለበት፤ የስም ዝርዝር በማይሰጥበት አገር ሁሉ ዝርዝሩን ወሬ ይሞላዋል። ወረዳው፣ ቀበሌው፣ የሕዝብ ተወካዩ ይህን ጥያቄ ዛሬ፣ ተኩስ ሳይኖር ይቅረብለት። ተኩስ ሲጀመር የሚጠይቅ ሰው «ከማን ጋር ነህ?» ይባላል።

ስልካችሁ ላይ ግን ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቪዲዮ ሲመጣ ከማጋራታችሁ በፊት ቦታው ተጠርቷል ወይ፣ ቀኑ አለበት ወይ፣ ማን ቀረጸው ብላችሁ ጠይቁ። ከተማ ተያዘ ሲባል ያቺ ከተማ ውስጥ ዘመድ ያለው ሰው ድምፅ እስኪሰማ ጠብቁ። «ስልታዊ ማፈግፈግ» የሚል ቃል ስትሰሙ ቦታ እንደተለቀቀ እወቁ፤ በግንቦት 1992 ዓ.ም. ባረንቱ ስትለቀቅ ከአስመራ የተሰማው የዚህ ዓይነት ቃል ነበር። ቁጥሩ በጣም ክብ ከሆነ ተጠራጠሩት። እናንተ ያጋራችሁት ነገር የሚደርሰው ማን ዘንድ እንደሆነም አስቡ። ልጁ ድምፅ ካጠፋባት እናት ዘንድ ነው የሚደርሰው። ከሞት የከፋ ነገር የለም ይባላል፤ እኔ ግን አዳዳን አይቻለሁ፤ በሕይወት ያለ ልጃቸውን ቀብረው ሁለት ዓመት ኖረዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእድሮች አለኝ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ከዚህ ለመድረስ ነው። መርዶ የእድር ነው። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ንጋት ተጠብቆ፣ የቅርብ ዘመድ ተጠርቶ የሚነገር ነገር ነው። በ1991 ያ ሥርዓት ሳይጣስ ነበር አዳዳን የጎዳው፤ ሽማግሌዎቹ ደጅ የቆሙት በወግ ነው፣ ያልጠየቁት ግን «ማን አየ?» የሚለውን ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ይህን አስመዝግቡ፦ ስልክ ላይ የታየ ስም ወይም ፎቶ መርዶ አይሆንም፤ ከሠራዊቱ የመጣ ወረቀት ወይም አብሮት የነበረና በዓይኑ ያየ ሰው ቃል ካልቀረበ ድንኳን አይጣልም፤ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ እድሩ ዳኛ ዘንድ ይሄዳል እንጂ እናት ዘንድ አይሄድም።

እኔ ለሰፈሬ የእድር ዳኛ ነግሬያለሁ። እሁድ ከጸሎት መልስ ይነሳል። ሚኒባስ ውስጥ የነበሩትን እናትም ሰፈራቸውን ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ የእሳቸው እድር የሚሰበሰበው በወሩ መጨረሻ ነው። እዚያም እሄዳለሁ።